ሰፈሩ ነው የከበረው ወይስ እኛ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር። ለኅትመት እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ ቀርቧል።)

 

ጸሐፊያችን እንድናገር ስትጠይቀኝ «ስለ ምን ልናገር?» አልኋት። «አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ኖረሽ መጥተሻል፤ ያየሽውን ንገሪን» አለችኝ። ያየሁት ብዙ ነው። ከብዙው አንዱን መርጬ መጥቻለሁ፤ ሰፈር እንዴት እንደሚለወጥ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ቤት ይፈርሳል፣ ቤት ይሠራል። ከዚያ አንድ ቀን ወረቀት የያዘ ሰው ይመጣና «ይህ ሰፈር አድጓል፤ የቤተሰብ ገቢ ጨምሯል» ይላል። ወረቀቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን የጨመረው የማን ገቢ ነው? ዛሬ የምጠይቀው ይህን አንድ ጥያቄ ነው።

«ይኼ የአዲስ አበባ ጣጣ ነው፤ ግምጃ ቤትን ምን አገባት?» የምትል እንዳለች አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ወደ ቤታችን እመለሳለሁ። የምመለሰውም በራሴ ጥፋት በኩል ነው።

የአምስት ቤት ሂሳብ

መጀመሪያ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አትፍሩ፣ ከእቁብ ሂሳብ አይከብድም።

አንድ ግቢ ዙሪያ አምስት ቤት አለ እንበል። ቡና አብረው የሚጠጡ አምስት ቤቶች። የመጀመሪያዋ በወር 2,000 ብር ታገኛለች። ሁለተኛዋ 3,000፣ ሦስተኛዋም 3,000፣ አራተኛዋ 4,000፣ አምስተኛዋ 8,000። ጠቅላላው 20,000 ነው። ለአምስት ሲካፈል አማካዩ 4,000 ብር ይሆናል።

አሁን ኪራይ ጨመረ እንበል። 2,000 የምታገኘዋና ከሁለቱ ባለ 3,000 አንዷ ለቀው ሄዱ። በነሱ ቦታ በወር 10,000 እና 15,000 የሚያገኙ ሁለት ቤተሰቦች ገቡ። እንደገና ደምሩ፤ 3,000፣ 4,000፣ 8,000፣ 10,000፣ 15,000። ጠቅላላው 40,000 ነው። አማካዩ 8,000 ሆነ። እጥፍ!

ከቀሩት ከሦስቱ አንዷም እንኳ አንድ ብር አልጨመረችም። የሄዱት ሁለቱ ምናልባት ከፊተኛው ብሰው ደኽይተዋል። ወረቀቱ ግን «የሰፈሩ ገቢ በእጥፍ አደገ» ይላል። አንዳንዱ «አማካይ ያታልላል፤ ከአምስቱ መሃል ላይ ያለችውን ብቻ እንይ» ይላል። እሺ፣ እንያት። መሃል ላይ ያለችው ፊት 3,000 ነበራት፤ አሁን 8,000 ሆነ። ይኼም አታለለን። ምክንያቱም መሃል ላይ ያለችው ሴት ያችው ሴት አይደለችም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ወደ አምስቱ ቤት አንዲት ባዶ እጇን የመጣች ተፈናቃይ ብትጨመር አማካዩ ይወርዳል። ማንም ግን አልደኸየም። እንዲያውም አንዲት ሰው መጠጊያ አገኘች። እንዲሁም ትልቁ ልጅ አግብቶ ቢወጣና ደመወዙን ይዞ ቢሄድ፣ የእናቱ ቤት ገቢ ይቀንሳል፤ በዚያ ቤት ያለው አፍም በአንድ ይቀንሳል። ስለዚህ የቤተሰብ ገቢ ስንል በቤቱ ስንት ሰው እንደሚበላም መጠየቅ አለብን። 6,000 ብር ለሦስት ሰው እና 6,000 ብር ለስምንት ሰው አንድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ሂሳብ የምትይዙት አንድ ነገር ይሁን። ሰፈር አደገ ሲባል «ያው ሰው ነው ያደገው ወይስ ሰው ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የአክስቴ ቤት

አዲስ አበባ የሄድኩት አክስቴ ዘንድ ነው። ልደታ ነበር ቤቷ፤ የቀበሌ ቤት። ወጣቶቹ የቀበሌ ቤት ከየት እንደመጣ ላታውቁ ትችላላችሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤቶች ቀበሌ እንዲያስተዳድራቸው ተሰጡት። ኪራዩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይጨምር ስለቆየ፣ እኔ በደረስኩበት ጊዜ አክስቴ የምትከፍለው ከአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ብዙም የማይርቅ ነበር።

ቤቱ ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሁለት ክፍል ናት፤ ከላይ ቆጥ ተሠርቶ ሁለት የቀን ሠራተኞች በደባልነት ያድሩበታል። አክስቴ እንጀራ ትጋግራለች። እንጀራውን የሚወስዱት በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ናቸው። ባለጉዳይ በሞላ ቀን ሁለት ዙር ትጋግራለች። ፍርድ ቤት ሲዘጋ ልብስ ታጥባለች።

ገቢሽ ስንት ነው ቢሏት «ምን ገቢ አለኝ?» ነበር የምትለው። ገቢዋን ግን እኔ ልቁጠርላችሁ። የእንጀራው አለ። የቆጡ ኪራይ አለ። የልብሱ አለ። ከዚያ በብር የማይቆጠረው አለ። ባለ ሱቁ ጤፍ በዱቤ ይሰጣታል፤ ሃያ ዓመት ያውቃታላ። ገበያ ስትሄድ ልጇን ጎረቤት ያይላታል። ስትታመም ሊጥዋን ጎረቤት ይጋግርላታል። ሥራዋ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ ለታክሲ አንድ ሳንቲም አታወጣም። ይህ ሁሉ ገቢ ነው። በየትኛውም መዝገብ ግን አልተጻፈም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ለመልሶ ማልማት ይፈርሳል ተባለ። የቀበሌ ቤት ተከራዮች ምርጫ ተሰጣቸው፤ ወይ ኮንዶሚኒየም መግዛት፣ ወይ ሌላ ቦታ ሌላ የቀበሌ ቤት መከራየት። ሁላችንም «ኮንዶሚኒየም ውሰጂ፣ የራስሽ ቤት ይኑርሽ» አልናት። ከመካሪዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ቅድሚያ የሚከፈለውን 20 በመቶ ከእቁቧ አወጣች፣ የጎደለውን ወርቋን ሸጣ ሞላች። ቀሪው 80 በመቶ የባንክ ዕዳ ሆነ። ጀሞ አራተኛ ፎቅ ደረሳት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። የድሮው ሰፈር ገነት አልነበረም። ሽንት ቤቱን ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራው ቆጥሬ አልጨርሰውም። በክረምት ባልዲ እያፈራረቅን ነበር የምንተኛው። አክስቴ ጀሞ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቆልፋ መቀመጥ ነው። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያንኳኳብኝ ታጠብኩ» አለችኝ። ይህን የምታውቅ ሴት የልደታ መፍረስ መጥፎ ብቻ ነበር አትልም።

ግን ደንበኞቿ ልደታ ቀሩ። እንጀራ በታክሲ ብትልከው ትርፉን ታክሲው በላው። ባለ ሱቁም፣ ጎረቤቱም፣ የቆጡ ደባሎችም የሉም። የባንኩ ክፍያ ግን በየወሩ ይመጣል። ዓመት ሳይሞላት ኮንዶሚኒየሟን አከራይታ፣ እሷ ከአንድ ግቢ ጓሮ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። በኪራዩ ልዩነት ዕዳዋን እየከፈለች እንደገና ምጣዷን ጣደች። ባለ ቤት ሆና ተከራይ ማለት ይኼ ነው። እንደሷ ያደረጉ ብዙ ናቸው።

አንትሮፖሎጂስቱ ገብረ ይንቲሶ በአዲስ አበባ ከመሃል ከተማ በልማት የተነሡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችን ሁኔታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ያዩት አክስቴ በኋላ ያየችውን ነው፤ ከቦታው ጋር የተያያዘ ሥራና ገቢ ይቋረጣል፣ የጎረቤትና የእድር ትስስር ይላላል። ልደታ ሳይፈርስ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በዚያ ቦታ ሕንፃ አለ፣ ባንክ አለ፣ መኪና የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ያንን ቦታ ዛሬ ሄዶ የቤተሰብ ገቢ የሚቆጥር ሰው ትልቅ ዕድገት ያገኛል። አክስቴን ግን አያገኛትም። የጀሞዋ ቤት ዋጋ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሄዶ ዛሬ ልጇ ትኖርበታለች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የመሃሉን አሥር ዓመት አክስቴ በወገቧ ነው የከፈለችው።

ስለ ኮንዶሚኒየም አንድ መልካም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሚወጣው ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። በዚህ ምክንያት በስሟ ካርታ የያዘች ሴት በአዲስ አበባ ብዙ ናት። ዕጣ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ይዞ መቆየት ሌላ ነገር ነው። ለመቆየት ገቢ ያስፈልጋል፣ ገቢ ደግሞ ከሰፈር ጋር ታስሯል።

ይህ በልደታ አልቆመም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ደጃች ውቤ ሰፈር፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። በዚያ ለዘመናት የኖረው ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል።

በሌላም አገር

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሩት ግላስ የምትባል፣ በርሊን ተወልዳ ለንደን የምትሠራ ምሁር፣ ለንደን ውስጥ የሠራተኞች ሰፈር በሀብታሞች ሲያዝ አይታ ለነገሩ ስም አወጣችለት። ቤቱ ይታደሳል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ነዋሪው ተራ በተራ ይለቃል፣ በመጨረሻ ሰፈሩ ስሙን ይዞ ሰውየው ሌላ ይሆናል።

የእኛም ሰው ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ይህን በሁለቱም ወገን አይቶታል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በእነሱ አቆጣጠር ስደተኛው አዳምስ ሞርጋን በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ከፈተ። ሰፈሩ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ ሄደ። ያ ሰፈር የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነበር፤ የተጎሳቆለ ሱቅ በርካሽ ይከራይ ነበር። የእኛ እናቶች እንጀራና ዶሮ ወጥ ሠርተው መንገዱን አሞቁት። መንገዱ ሲሞቅ ሀብታም መጣ። ሀብታም ሲመጣ ኪራይ ወጣ። ብዙው ኢትዮጵያዊ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመቶው ሰው 71ዱ ጥቁር ነበር፤ በ2011 ከግማሽ በታች ሆነ። የከተማዋ ገቢ በዚያው ዘመን አድጓል። ያው ጥያቄ ነው፤ ሰዉ አደገ ወይስ ሰዉ ተቀየረ?

ከዚህ ውስጥ የሚገርመኝ አንድ ነው። መንገዱን ያሞቀው ሰው ራሱ በሙቀቱ ተገፋ።

ወደ ቤታችን

አሁን ወደ ግምጃ ቤት ልመለስ።

አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ወደ 983 ሺህ ሰው ተቆጠረ፤ ከስምንቱ አንዱ ገደማ ብቻ በከተማ የሚኖር ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ፣ እንደገናም ተላለፈ፣ እስከ ዛሬም አልተካሄደም። በዚያ ቆጠራ ጊዜ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሙሉ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? እናንተው ታውቁታላችሁ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለችው እንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወስደውም መንገድ መገንጠያ ናትና ነጋዴው በዛ። ገበሬው በዲከረንስ ዛፍ ከፊተኛው ያልነበረ ገንዘብ አየ። የመጀመሪያውን ዓመት ከችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ ከዚያ ሣር ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉን ከስሎ ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል። ከከሰሉ ጋር ደላላ መጣ፣ የቀን ሠራተኛ መጣ፣ ኬሻ የምትሰፋ ሴት ሥራ አገኘች። ኋላ ዛፉን በሽታ ሲመታው ደግሞ ብዙ ቤት ተናጋ።

በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በቻግኒ ራንች መጠለያ ሰፈሩ፤ ከነሱ ወደየከተማው የተበተኑ አሉ፣ አብዛኞቹም ልጅ ያቀፉ እናቶች ናቸው። ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶች ቤት ሠርተው ገብተዋል። ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። መምህርና የጤና ባለሙያ ይመጣል፣ ይዛወራል። በድሮው ግቢ ጓሮ ሰርቪስ ክፍል ያልሠራ ሰው የለም። ስለዚህ የአምስቱ ቤት ሂሳብ እዚሁ እየተሠራ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠራሁ። አንደኛዋን አንዲት ሁለት ልጅ የያዘች ተፈናቃይ ተከራየችኝ። ጠዋት ጠዋት ድንች ቀቅላ፣ በሚጥሚጣ አድርጋ መናኸሪያ ወስዳ ትሸጣለች። ኪራይ አንድ ቀን አላሳለፈችም። የማኅበራችንም አባል ነበረች።

አንድ ነጋዴ መጣና «ሁለቱንም ክፍል ለመጋዘን ስጪኝ» አለኝ። የጠራው ዋጋ ጥሩ ነበር። እኔም እሷን ጠርቼ «ዋጋ ጨምሯል፣ ካልቻልሽ በዚህ ወር ውስጥ ልቀቂልኝ» አልኋት። የአክስቴን ነገር ያየሁ እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። «እሺ እትዬ» ብላ ወጣች። ሌላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጆቿ ዕቃ ተሸክመው ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው፤ በሩን ከፍቼ ለመርዳት ግን አፈርኩ።

ገቢዬ ጨመረ። ሰፈራችንም በወረቀት ቢቆጠር አንዲት ድንች ሻጭ ወጥታ አንድ ነጋዴ ገብቷልና ገቢው ጨመረ።

ይህ ብቻ ቢሆን ለንስሐ አባቴ ነግሬው ይቀር ነበር። እናንተ ፊት ያመጣሁት በሌላ ምክንያት ነው። አምና በዚህ ስብሰባ ላይ ሪፖርት ሲነበብ «የአንድ አባል አማካይ ወርሃዊ ቁጠባ ጨምሯል» ተባለና ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ቤቴ ስገባ አንድ ነገር ከነከነኝ። በማግስቱ መዝገቡን ከገንዘብ ያዣችን ተቀብዬ ቁጭ ብዬ አየሁት። በዓመቱ ውስጥ ሰባት እህቶች ወጥተዋል። ከሰባቱ ስድስቱ ትንሹን የሚቆጥቡት ነበሩ። እነሱን ቀንሼ የቀረነውን ብቻ ሳወዳድር፣ የአብዛኞቻችን ቁጠባ ከአምናው ፈቅ አላለም።

እህቶቼ፣ ያጨበጨብነው ለድሆቹ መውጣት ነበር። ማንም አላወቀም፣ ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ያጨበጨብነው ለዚያ ነበር። ከሰባቱ አንዷ ደግሞ የእኔዋ ተከራይ ናት።

ምን እናድርግ?

ዝም ብዬ ለመውቀስ አልመጣሁም። አምስት ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ።

አንደኛ፣ ሪፖርታችን በሁለት ዓምድ ይጻፍ። በአንዱ የሁሉም አባል አማካይ ይቀመጥ። በሁለተኛው አምናም ዘንድሮም አባል የሆኑት ብቻ ይነጻጸሩ። ያችው ሴት ከአምና ዘንድሮ ምን ሆነች? የእውነተኛው ዕድገት መልስ እዚያ ነው። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና አንድ ማስመሪያ ይበቃል። ከዚሁ ጋር በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚበላ ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ሦስት ወር ያልቆጠበች እህት ስሟ ከመሰረዙ በፊት ሁለት አባላት ቤቷ ይሂዱ። ገንዘብ ለመጠየቅ ሳይሆን ለምን እንደቀረች ለመጠየቅ። ምክንያቷም ይጻፍ፤ ኪራይ ነው፣ በሽታ ነው፣ ዝውውር ነው። የሰፈራችንን ለውጥ ከማንም በፊት የምናውቀው ከዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ወረቀት። ብዙዎቻችን በቃል እንከራያለን፣ በቃል እናከራያለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጭማሪም እንዳሻው ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መሠረት ነው። አዋጁ በክልሎች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ ቢሆንም ለእኛ ውል ጥሩ መለኪያ ይሆነናል። ቤት ያላችሁ ደግሞ የይዞታ ማስረጃችሁን አውጥታችሁ እዩ። በክልላችን ገጠር የመሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ተለጥፎ ይሰጣል። የከተማው ቤታችሁ ካርታ ላይስ ስማችሁ አለ?

አራተኛ፣ ልማት የመጣ ቀን ምን እንደምንጠይቅ ከአሁኑ እንወቅ። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረት ካሳ ሌላ ለኢኮኖሚ ጉዳትና ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዳለ ይናገራል። አያችሁ? አክስቴ ያጣችውን፣ ዱቤውን፣ ጎረቤቱን፣ ሕጉ ራሱ ጉዳት ብሎ አውቆታል። ግን ያልተጻፈ ገቢ ማስረጃ የለውም። እንጀራ የምትሸጪ፣ አረቄ የምታወጪ፣ ድንች የምትቀቅይ፣ ዕለታዊ ሽያጭሽን በደብተር ጻፊ። መጻፍ ለማትችለው ልጇ ይጻፍላት። ያ ደብተር አንድ ቀን የአፍሽ ምስክር ይሆናል።

አምስተኛው ለእኛ ለአከራዮች ነው። ከራሴ ልጀምር። ይህ ማኅበር እንዲህ ብሎ ይወስን እላለሁ፤ አባል የሆነች አከራይ፣ አባል የሆነችን ተከራይ ከማስወጣቷ በፊት የሦስት ወር ጊዜ ትስጥ፣ ለማኅበሩም ታሳውቅ። ማኅበሩም በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ሌላ ቤት በመፈለግ ያግዛት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። ጎረቤቱን የምናስወጣው እኛው ከሆንን ግን ተረቱ ለማን ነው?

ለመጨረሻ ይህን ልጨምር። ያችን እህት ፈልጌ አገኘኋት። ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታለች፤ መናኸሪያ ለመድረስ ድንቹን ተሸክማ ከፊተኛው እጥፍ ትሄዳለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ተይ እትዬ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» አለችኝ። ማኅበሩን ለምን እንደተወች ስጠይቃት ግን ለአፍታ ዝም አለች። «እናንተ መቶ ብር ስታወጡ እኔ አሥር ብር ይዤ መቆም አሳፈረኝ» አለች።

እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ልትመለስ የምትችለው እኔ ስለለመንኋት አይደለም፤ አሥር ብር የማታሳፍርበት ማኅበር ከሆንን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርቱ ሲነበብ አማካዩ ዝቅ ቢልና ሰባቱ ተመልሰው እዚህ ቢቀመጡ፣ ያን ጊዜ አብረን እናጨብጭብ።

ሐሳቦቹን ለውይይት አቅርቤአለሁ።